ስፖርትስተሬን ዝቅ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

አጭሯ ጋላቢ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ2007 ሞዴል ሃርሊ ስፖርትስተር 883 አር ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ሁለተኛ እጅ ናት፣ ግን ንጹሕ ናት። ችግሩ ቁመቴ ነው፤ 1 ሜትር ከ57። ኪሎዬ ደግሞ 54። መቀመጫዋን ባዶዋን ቀጥ አድርገን በሜትር ስንለካው ከመሬት 74 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ቁጭ ስል መሬት የሚነካልኝ የእግሬ ጣት ብቻ ነው።

እየነዳሁ ምንም አይመስለኝም። ቀይ መብራት ላይ ግን፣ በተለይ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ከ250 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት አንዴ ካጋደለ እኔ አልመልሰውም።

የሸጠልኝ ሰው «የኋላውን ሾክ (ሞላ ያለበትን፣ የመንገዱን ምት የሚውጠውን) በ11 ኢንች ቀይሪው፣ አለቀ» አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከሾኩ ሥር የሚታሰር ብረት አለ፣ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል አለ። ኢንተርኔት ላይ ያለው እርስ በርሱ ይጋጫል። ምን ያህል ዝቅ ቢል አይጎዳም? የፊቱስ መነካት አለበት ወይ? ልምድ ያላችሁ እስቲ በአማርኛ አስረዱኝ።

ጥቁሯ 48 (አትላንታ)

እንኳን ደስ ያለሽ! 11 ኢንች ግጠሚ። የእኔ ፎርቲ ኤይት (ሌላዋ የስፖርትስተር ሞዴል) ከፋብሪካ ስትወጣም አጭር ናት፣ እኔ ደግሞ የበለጠ ላወርዳት እያሰብኩ ነው። ሞተር መሬት ላይ የተኛች ስትመስል ነው የምታምረው። ወይ ደግሞ አንቺን ማስረዘም ነው፤ እሱ ግን ዕቃው አይገኝም 😄

የድሮው መካኒክ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ግን ረጋ በይ። ቁልፍ ከማንሳትሽ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ።

አንደኛ፣ አሁን ያለው የኋላ ሾክ ስንት ኢንች ነው? ከላይኛው ቡሎን መሃል እስከ ታችኛው ቡሎን መሃል ለኪው። ሁለተኛ፣ ሾኩ ላይ ታች በኩል እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቀለበት አለ፤ ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው? ሦስተኛ፣ መቀመጫው የፋብሪካው ነው ወይስ የቀድሞው ባለቤት ቀይሮታል?

ሰው «ሞተር ዝቅ ማድረግ» ሲል ወዲያው ሾክ ይታየዋል። አንቺ የምትፈልጊው እግርሽ መሬት እንዲደርስ ነው። ሞተሩ ዝቅ ማለቱና እግርሽ መድረሱ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

አጭሯ ጋላቢ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ 13 ኢንች ተኩል ነው። ቀለበቱ መጨረሻው፣ ማለትም በጣም የጠበቀው ደረጃ ላይ ነው። መቀመጫው የፋብሪካው ሳይሆን ወፍራምና ሰፊ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። የቀድሞው ባለቤት ግዙፍ ሰው ነበር፣ ሚስቱንም ከኋላ ይጭን እንደነበር ነግሮኛል።

የድሮው መካኒክ

በይ እንግዲህ ነገሩ ግማሽ ተፈታ።

13 ኢንች ተኩል የዚያ ሞዴል ረጅሙ ሾክ ነው። 883 አር ከፋብሪካ ዝቅ ብለው ከሚወጡት ሎው ሞዴሎች ከፍ ብላ የተሠራች ናት። ቀለበቱን ደግሞ ሰውዬው ለራሱና ለሚስቱ ነው ያጠበቀው። አንቺ 54 ኪሎ ሆነሽ ስትቀመጪበት ሞላው ከነመኖርሽም አያውቅም። ቀለበቱን በመንጠቆ ቁልፍ ወደ ላላው ደረጃ መልሺው። ሁለቱንም ጎን እኩል። አንዱን ጠበቅ አንዱን ላላ አድርገሽ እንዳትተዪው።

ይሄ ሞላውን አያለሰልሰውም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ስትቀመጪ ሞተሩ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚሰምጥ መለወጥ ነው። ሰው ሲቀመጥ ሾኩ ካለው ጉዞ፣ ማለትም ሊጨመቅ ከሚችለው ርቀት፣ ከአራት አንዱን እስከ ከሦስት አንዱን ቢሰምጥ ጤነኛ ነው። የአንቺ ምንም እየሰመጠ አይደለም። ተቀምጠሽ ሰው አስለኪና ንገሪኝ።

ሌላም አለ። ሃርሊ በወረቀቱ ላይ የሚያሳትመውን የመቀመጫ ከፍታ አትመኚው። ብዙ ጊዜ ትልቅ አድርጎ የሚያወራለት ቁጥር 180 ፓውንድ፣ ማለትም 82 ኪሎ ገደማ የሆነ ሰው ተቀምጦበት የተለካ ነው። ባዶው ከዚያ በደንብ ከፍ ይላል። አንቺ በወረቀቱ ሰውና በባዶው መካከል ነሽ። ሱቅ ውስጥ «25 ኢንች ተኩል ነው» ተብለው ገዝተው ቤታቸው ሲደርሱ የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ሒሳብ ወዳጅ (ሲያትል)

ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ሒሳብ ልጨምር። ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሾኩን ከ13 ተኩል ወደ 11 ብታወርጂው ልዩነቱ 2 ኢንች ተኩል፣ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ሻጩ የነገረሽ «መቀመጫሽ 6 ሴንቲ ይወርዳል» የሚል ይመስላል። አይወርድም። መቀመጫው ያለው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ነው። የኋላውን ብቻ ስታወርጂ ሞተሩ በፊት ጎማው ዙሪያ ይዞራል፤ ኋላው 6 ሲወርድ መቀመጫው ወደ 4 ገደማ ነው የሚወርደው። የቀረው ሁለት ሴንቲ ለአንቺ እግር ምንም አይጠቅምም፤ የኋላውን ጎማ ወደ ፓራፋንጎው ለማስጠጋት ብቻ ነው የሚውለው።

አሁን ወደ መሪው። የስፖርትስተር ሁለቱ ጎማዎች ከመሃል እስከ መሃል 1 ሜትር ከ52 አካባቢ ይራራቃሉ። የኋላውን ብቻ በ6 ሴንቲ ስታወርጂ መላው ሞተር ከሁለት ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ያጋድላል። የፊቱ ፎርክም (የፊት ጎማውን የያዙት ሁለቱ ቱቦዎች) አብሮ ይተኛል። ፎርክ ሲተኛ የመሪው መዞሪያ መስመር መሬት የሚነካበት ነጥብ ከጎማው ነጥብ የበለጠ ይርቃል። ውጤቱ ምንድነው? አውራ ጎዳና ላይ ሞተሯ ቀጥ ብላ ትሄድልሻለች። ፓርኪንግ ውስጥ ግን መሪው ይከብድሻል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ልትዞሪ ስትይ ጎማው ወደ ውስጥ መውደቅ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ የፈራሽው ፓርኪንጉን ነው እንጂ አውራ ጎዳናውን አይደለም!

የፊቱን ብቻ ማውረድም የተገላቢጦሽ ችግር አለው። ፎርኩ ይቆማል፣ መሪው በፍጥነት ላይ ይቅበጠበጣል። ስለዚህ ከወረደ ሁለቱም ይውረድ።

ጥቁሯ 48

እሺ ሒሳቡን ተዉት። አሜሪካ ውስጥ ስንት ሺህ ሰው በ11 ኢንች እየነዳ ነው? የእኔም 11 ናት። ማንም አልሞተም።

ሒሳብ ወዳጅ

ወንድሜ፣ የአንተ ፋብሪካው ለ11 ብሎ የሠራት ናት፤ ፎርኩም ፓራፋንጎውም የጎን መቆሚያውም በዚያ ልክ ነው። የእሷ አይደለችም።

ደግሞ እስቲ እውነቱን ንገረን፤ ድልድይ መጋጠሚያ ላይ ስትገባ ምን ይሰማሃል? የእነዚያ አጫጭር ሞዴሎች የኋላ ጎማ ወደ ላይ የሚጓዘው 4 ሴንቲ ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ ውስጥ ስትቀመጥ የሚሰምጠውን ቀንስ። ለጉድጓድ የቀረው የሁለት ጣት ስፋት ነው።

ጉዞ ሲያጥር ያንኑ ምት በአጭር ርቀት መዋጥ ግድ ይሆናል። ጉዞው በግማሽ ቢያጥርና ሾኩ ያንኑ ጉልበት ጫፉ ሳይነካ ይዋጥ ቢባል፣ ሞላው በአራት እጥፍ መጠንከር ነበረበት። እንዲህ ያለ ሞላ 54 ኪሎ ሰው ላይ እንጨት ማለት ነው። ካልጠነከረ ደግሞ ጫፉ ይመታል። ጫፍ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው ወገብህ ነው።

ጥቁሯ 48

ወገቤን ለምን አነሳኸው። ባለፈው ሳምንት ከቻተኑጋ ስመለስ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ አቅቶኝ ነበር። 😅 እሺ፣ በመልክ ግን አልሸነፍም።

ፍራንክፈርት 650

እዚህ ጀርመን ያለን ሰዎች ሌላ ጣጣ አለብን። ያማሃ ድራግ ስታር 650 አለኝ። የእኔ ከኋላ አንድ ሾክ ነው ያላት፣ ከመቀመጫው ሥር ተደብቆ። ሾኩን ሳይሆን ከሾኩ ጋር የሚያያዙትን ትናንሽ ማገናኛ ብረቶች በሌላ ልክ በመቀየር ነው የሚወርደው።

ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ። እዚህ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከለወጣችሁ ለሞዴላችሁ የተሰጠ ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። እንደ ወረቀቱ ዓይነት ደግሞ ቲዩፍ (የተሽከርካሪ መርማሪው ድርጅት) ሄዶ ማሳየትና በሞተሩ ሰነድ ላይ ማስመዝገብ አለ። ያለዚያ ሞተሩ መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱም ሰበብ ያገኛል። ከኢንተርኔት ርካሹን ገዝቶ ወረቀት የሌለው ሆኖበት እንደገና አውልቆ የመለሰ ሰው አውቃለሁ።

እህቴ፣ እኔም ያንቺው ቁመት ነኝ ማለት ይቻላል፣ 1 ሜትር ከ60። በመጨረሻ የጠቀመኝ መቀመጫው ነው። የመቀመጫው ከፍታ ብቻ ሳይሆን ስፋቱ! ፊት ለፊቱ ሰፊ ከሆነ ጭንሽን ይከፍተዋል፣ እግርሽ በቀጥታ መውረድ ሲገባው ዞሮ ነው የሚወርደው። ጠርዙ ሲጠብ ከፍታው ሳይነካ እግር ይረዝማል።

ባለ ቦክሰር (ሐዋሳ)

ጨዋታው ደስ ሲል! እኔ እንኳ እንደ እናንተ ክሩዘር፣ ዝቅ ያለ ትልቅ ሞተር፣ የለኝም፤ ባጃጅ ቦክሰር ነው የምነዳው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ሞተር ሲከለከል እዚያ የነበረችኝን ሸጬ ነው ወደዚህ የመጣሁት። እዚህ ሞተር የሌለው ሰው የለም።

የእኛ አገር ሰው ግን ዝቅ ማድረግ ሲል የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ሰፈር ያለ አንድ ልጅ የኋላውን ሞላ አውጥቶ በግራይንደር አንድ ዙር ቆርጦ መልሶ ገጠመው። ቆንጆ ወረደለት። ከዚያ ሁለት ሰው ጭኖ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲወጣ «ጓ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እዚህ አንዳንዱ ፍጥነት መቀነሻ ግድግዳ ነው የሚያህለው፤ ማርሚታውን ይልሰዋል።

ጥያቄዬ፦ ሞላ መቁረጥ ምኑ ነው መጥፎ? ልጁ «አጭር ሞላ ያው አጭር ሞላ ነው» ይላል።

የድሮው መካኒክ

ባለ ቦክሰር፣ ልጁን አስቁመው።

ሞላ ሲቆረጥ አጭር ብቻ አይሆንም፤ ይጠነክራልም። ዙሩ በቀነሰ ቁጥር ያንኑ ያህል ለመጨመቅ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ደግሞ ሾኩ ራሱ አላጠረም፤ ሞላው ብቻ ነው ያጠረው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ሞላው ከመቀመጫው ይላቀቃል። ሲመለስ ጠማማ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። የተቆረጠው ጫፍም ጠፍጣፋ ስላልሆነ በአንድ ጎን ብቻ ይጫናል። በግራይንደር ሲቆረጥ የጋለው ብረት ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፣ እዚያው ቦታ ላይ ሊሰበር ይችላል። ድሮ መርካቶ አካባቢ ስሠራ ለመኪናም እንዲህ የሚያስቆርጡ ነበሩ። እኔ አልቆርጥም ስል ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ።

ካቴናውንም ያስተውል። ኋላው ሲወርድ የጎማው አክስልና የፊቱ ጥርስ ያላቸው አሰላለፍ ይለወጣል፤ ካቴናው ሊጠብቅ ወይም ሊላላ ይችላል። ሰው ተቀምጦበት መታየት አለበት።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ጓደኛሽ የነገረሽ ከሾኩ ሥር የሚታሰረው ብረት ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን አስቢው። አጭር ሾክ ስትገጥሚ ጉዞውም አብሮ ያጥራል፤ ጎማው ፓራፋንጎው ጋ ከመድረሱ በፊት ሾኩ ራሱ ያስቆመዋል። ብረቱን ስታስሪ ግን ሾኩ ያው የድሮው ነው፣ ጉዞውም ያው ነው። የተነሳበት ቦታ ብቻ ነው የተለወጠው። ስለዚህ ጎማው ፋብሪካው ካሰበው በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ትልቅ ጉድጓድ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን ያገኘዋል። በዚያ ላይ የሾኩ ታችኛው ቡሎን ፋብሪካው ባላሰበው መንገድ ይጎተታል። እኔ አልገጥምልሽም።

ፒንክ ሄልሜት (ዳላስ)

ወንዶቹ ስለ ብረት ጨረሱ፣ እኔ ስለ እግር ላውራ።

እኔ 1 ሜትር ከ55 ነኝ። ሁለት እግር ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አለበት ያለው ማነው? ኮርስ ላይ የሚሰጡን ትንንሽ ሞተሮች ሁለቱንም ስለሚያስነኩ ለምደነው ነው። ትልቁ ላይ አንዱ እግር ተረከዙ ድረስ ከነካ ይበቃል። ግራሽን አውርጂ፣ ቀኝሽ የኋላ ፍሬኑ ላይ ይቅር። ልትቆሚ ስትይ ቂጥሽን ትንሽ ወደ ግራ አንሸራቺው፤ የግራው እግር ወዲያው ይረዝማል። መሪው ቀጥ ብሎ እያለ ቁሚ። ብዙ ሞተር የሚወድቀው መሪው ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን ሲያዝ ነው እንጂ ሰው አጭር ስለሆነ አይደለም።

የምትቆሚበትንም ቦታ ምረጪ። ወደ ታች ያዘነበለ ፓርኪንግ ውስጥ በፊት ጎማዋ አትግቢ፤ ወደ ኋላ ገፍተሽ ማውጣት አትችዪም። ኋላዋን አስገብተሽ አቁሚያት።

ጫማ ደግሞ አለ። ሶሉ ወፍራም የሆነ የሞተር ቡት ግዢ። ተረከዙ ብቻ ሳይሆን ፊቱም ወፍራም የሆነውን። ከሁለት ሴንቲ በላይ ታገኛለሽ፣ ሞተርሽን ማንም ሳይነካት። የሠርግ ሂል ግን አላልኩም።

አጭሯ ጋላቢ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፒንክ ሄልሜት፣ ቂጥን ማንሸራተቱ ሠርቷል! ዛሬ ባዶ ፓርኪንግ ሄጄ ሞከርኩት።

ጋሼ፣ ቀለበቱን ላላው ደረጃ ላይ አደረግኩት። ባለቤቴ ለካልኝ። ስቀመጥ አሁን በደንብ ትሰምጣለች፣ በፊት ግን እውነትም ምንም አትሰምጥም ነበር። ቀጣዩ መቀመጫው ነው። ሃርሊ ራሱ ለአጭር ሰው የሚሠራው «ሪዱስድ ሪች» የሚሉት መቀመጫ አለ፤ ጠባብና ወደ ፊት የሚያስጠጋ። ያገለገለ አገኘሁ።

ግን አሁንም ትንሽ ብትወርድ ደስ ይለኛል። ዕቅዴ ይሄ ነው፦ የኋላውን 12 ኢንች፣ የፊቱን ደግሞ አንድ ኢንች ያህል። ሒሳብ ወዳጅ ምን ይላል? ጋሼስ?

ሒሳብ ወዳጅ

ኋላው 3.8 ሴንቲ፣ ፊቱ 2.5 ሴንቲ። መቀመጫው ከ3 ሴንቲ ትንሽ በልጦ ይወርዳል። ሞተሯ ወደ ኋላ የምታጋድለው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ልብ አትዪውም። ከ11 ኢንቹ ጋር አወዳድሪው፤ እዚያ ኋላውን ብቻ 6 ሴንቲ አውርደሽ የምታገኚው 4 ነበር። እዚህ በግማሽ ጣጣ ሦስት አገኘሽ።

ሾኩን ስታዢ ግን ርዝመቱን ብቻ አትንገሪያቸው። ኪሎሽን ንገሪያቸው። አንድ ዓይነት ርዝመት ያለው ሾክ ለስላሳና ጠንካራ ሞላ ይኖረዋል፤ ጠንካራው ለከባድ ሰውና ሁለት ለሚጭን ነው።

የድሮው መካኒክ

12 ጥሩ ነው። ለፊቱ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የፎርኩን ቱቦዎች በላይና በታች መያዣዎቻቸው ውስጥ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። የስፖርትስተር ቱቦ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሥራው ቀላል ነው። ግን ሞተሩ ፍሬሙ ላይ በክሪክ ተነስቶ፣ የፊት ጎማው ከመሬት ተላቆ መሆን አለበት። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል መውጣት አለባቸው፤ በካሊፐር ለኪ፣ በዓይን አትገምቺ። እዚህ ላይ የሚረሳው ነገር፦ ቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ ጎማውም ወደ ታችኛው መያዣ ይጠጋል። ፎርኩ ጨርሶ ሲጫን የፊቱ ፓራፋንጎ እንዳይነካ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፎርኩን ፈትቶ ውስጡን ለማሳጠር የተዘጋጀ ሞላ ማስገባት ነው። ሥራ ይበዛል፣ ዘይቱም ይቀየራል። ግን ፎርኩ ራሱ ስለሚያጥር ጎማው ምንም አይነካም። ያንቺ ፎርክ ዕድሜው ስንት ነው? የ2007 ነው። ዘይቱ ተቀይሮ ያውቃል? ካላወቀ ለማንኛውም መፈታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ምረጪ። ከከፈትሽው አይቀር ጎሚኒዎቹንም ቀይሪ።

ከገጠምሽ በኋላ የምታዪው ደግሞ ይሄ ነው። የኋላውን ሾኮች ከታች ፍቺና ጎማውን አዲሱ ሾክ እስከሚጫንበት መጨረሻ ድረስ ከፍ አድርጊው። ፓራፋንጎው ውስጥ እጅሽን አስገቢ። የስፖርትስተር የኋላ መብራት ገመድ ከፓራፋንጎው ሥር ነው የሚያልፈው፤ ጎማው ሲጠጋ ያንን ገመድ ልጦት መብራትና ፍሬቻ የጠፋበት ሞተር ስንቱን አይቻለሁ። ወደ ውስጥ የወጣ የቡሎን ጫፍም ካለ ጎማውን ይቀደዋል።

የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ቀበቶ ሁለተኛ። ውጥረቱ ይለካ፣ በመጽሐፉ እንደተጻፈው።

ሦስተኛው የጎን መቆሚያው ነው፤ ሞተር የሚጥለው እሱ ነው። ሞተሩ ወርዶ መቆሚያው ግን ያው ርዝመት ነው። ስለዚህ ሞተሯ ስትቆም ወደ ግራ በቂ አታጋድልም፤ ቀጥ ትላለች። ትንሽ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ቦታ ነፋስ እንኳ ይገፋታል። ሦስት ሴንቲ ከወረደች አጭር መቆሚያ መግዛት ሳያስፈልግሽ አይቀርም። የድሮውን አስቆርጦ ማስበየድ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ የሃርሊ መቆሚያ የሞተሩ ክብደት ሲያርፍበት የሚቆልፍ ስለሆነ ማዕዘኑ ከተበላሸ አይቆልፍም። ግዢው።

የፊት መብራቱም ግድግዳ ላይ ይስተካከል።

ባለ ቦክሰር

ጋሼ፣ ለልጁ አነበብኩለት። «ታዲያ ምን ላድርግ» አለኝ። ሌላ ሾክ ከፈታ ሞተር ገዝቶ ቢገጥምስ?

የድሮው መካኒክ

ርዝመቱ፣ የቡሎኑ ቀዳዳና የሞላው ጥንካሬ ከገጠመ ይችላል። ጥንድ ሆኖ ከአንድ ሞተር የወጣ ይሁን። ዘይት ያፈሰሰ ከሆነ በነፃም አይውሰድ። እጁ ላይ ተጭኖ ሲለቀው እንደ ኳስ ከነጠረ አልቆለታል፤ ቀስ ብሎ ነው መመለስ ያለበት። ግን በሐዋሳና በዙሪያዋ መንገድ፣ ያውም ሁለት ሰው ጭኖ፣ ለምን እንደሚያወርደው ጠይቀው። እኔ ብሆን ወደ ፋብሪካው ከፍታ እመልሰው ነበር።

ባለ ቦክሰር

«ያምራል» ነው የሚለው 😂

ጥቁሯ 48

ልጁ ይመቸኝ!

አጭሯ ጋላቢ (ከአንድ ወር በኋላ)

እንዴት ሰነበታችሁ። ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

መቀመጫው መጣ። ቡቱንም ገዛሁ። ሁለቱን አድርጌ ከተቀመጥኩ በኋላ የግራ እግሬ ሙሉ በሙሉ፣ የቀኙ ደግሞ ግማሹ መሬት ነካ። ስለዚህ 12 ኢንቹን ትቼ 12 ተኩል አዘዝኩ፤ ለኪሎዬ በሚሆን ሞላ። ከፊቱ ሒሳብ ወዳጅን በግል ጠይቄው ከአንድ ኢንች ትንሽ አነስ ተደረገ። ጋሼ እንዳሉት ፎርኩ ተፈታ። የወጣው ዘይት ዘይት አይመስልም፤ የጀበና አተላ ነው የሚመስለው።

ጉድጓድ ላይ ልዩነቱ ይሰማኛል፣ ግን ወደ በጎ! በፊት እንደ ድንጋይ ነበረች። አጥሮም የተሻለው የድሮው ሞላ ለእኔ ስላልነበረ ነው መሰለኝ።

መቆሚያው እውነትም ቀጥ አደረጋት። አጭሩን ገጠምኩ። የመብራቱ ገመድ ከፓራፋንጎው ሥር ልቅ ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ወደ ላይ ጠጋ አድርገን አሰርነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራም ደርሶብኝ ወሰድኳት። መብራቷን አስቀድመን አስተካክለን ስለነበር ስቲከሯን ለጥፎ ለቀቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ማዞሪያ ላይ የእግር ማስቀመጫው ከበፊቱ ቶሎ መሬት ይጭራል። መጀመሪያ ቀን ድምፁን ስሰማ ጮህኩኝ።

ፒንክ ሄልሜት

ጎበዝ!! መጫሩን ልመጂው፤ ከጫረ ማዘንበሉን አቁሚ ማለት ነው። ድንገት ፍሬን አትያዢ ብቻ። ከማዞሪያው በፊት ፍጥነትሽን ቀንሰሽ ግቢ።

ሒሳብ ወዳጅ

ከኋላ ሰው ስትጭኚ ግን ቀለበቱን መልሰሽ ማጥበቅ እንዳትረሺ። ሞላው ለአንድ 54 ኪሎ ሰው ነው የተመረጠው። ከባድ ሰው ከሆነ ደግሞ ቀለበቱም አያድነውም።

አጭሯ ጋላቢ

ባለቤቴ 90 ኪሎ ነው። በመኪና ይከተለኛል።

ጥቁሯ 48

የድሮዎቹን 13 ተኩል ሾኮች ትሸጫቸዋለሽ? ለጓደኛዬ ነው... እሺ፣ ለራሴ ነው። ወገቤ ጉዳይ ነው።

የድሮው መካኒክ

ልጄ አትሽጪ። አንድ ቀን ሞተሯን ስትሸጪ ቁመታም ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ከነፋብሪካ ዕቃዋ ስትሆን ዋጋዋም ይሻላል። ዘይት ቀብተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪያቸው። አንተ 48፣ ያንተዋ ላይ 13 ተኩል ብትገጥም ኋላዋ ተነስቶ ፎርኩ ይቆማል፣ ቀበቶውና መቆሚያውም መታየት አለባቸው። መጀመሪያ 12 ሞክር። ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቅ ካልክ ያለኝን አሳይሃለሁ።

ጥቁሯ 48

ጋሼ፣ ከአትላንታ በዚህ ወገብ?